ከእብናት የተመለሰው ደብዳቤ

ደብረ ታቦር፣ ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአቶ ፍ. ሰውነት
የተመላሽ ደብዳቤዎች ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለወይዘሮ አዛለች ካሳሁን የተላከውን ደብዳቤ ይመለከታል

ከላይ ስሟ የተጠቀሰው ወይዘሮ ደብዳቤ «ለምን ሳይደርሳት ተመለሰ?» ብለው ለጠየቁት መልሱ የሚከተለው ነው። ደብዳቤው ኅዳር 20 ቀን ከእናንተ ደርሶን በማግሥቱ ወደ እብናት አሳልፈነዋል። በፖስታው ላይ ያለው አድራሻ «እብናት፣ ከወፍጮ ቤቱ በላይ» የሚል ብቻ ነው። የሣጥን ቁጥር የለው፣ ስልክ የለው። ስለዚህ እንደ ደንቡ የተቀባይዋ ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አርባ ቀን ተለጥፎ ቆይቷል። ዝናብ አላጠበውም፤ ፍየልም አልበላውም። (ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ በልታ ስለነበር ነው ይህን ማንሣቴ።) ጠያቂ ባለመቅረቡ «ተቀባይ አልተገኘም» የሚለውን ማኅተም መትተን መልሰናል።

በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ስለ አንድ ተመላሽ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ስጠየቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳላውቀው የሠራሁት ጥፋት ካለ በግልጽ ይነገረኝ። ጡረታ ለመውጣት የቀረኝ አንድ ዓመት ነው።

ከሠላምታ ጋር
ይርጋ ካሴ
የደብረ ታቦር ፖስታ ቤት ሠራተኛ


አዲስ አበባ፣ ጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ይርጋ ካሴ

እንደምን ሰነበቱ? አስደንግጬዎት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንዳች ጥፋት የለብዎትም። እኔ ግን አንድ አለብኝ፤ ስሜን አሳጥሬ መጻፌ። «ፍ.» ማለት ፍቅርተ ማለት ነው። «አቶ» ብለው የጻፉልኝ ዕለት ጓደኛዬ ዓይናለም እንባዋ እስኪፈስ ስትስቅ ዋለች። እርሷ መስኮት ላይ ነው የምትሠራው፤ እኔ ከጀርባ ካለችው ክፍል ተመላሾቹን አያለሁ። ከጽሕፈትዎ እንደምገምተው ልጅዎ እሆናለሁና «አንቺ» ቢሉኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ ጠየቁኝ። ላኪዋ አድራሻዋን ከውጭ ስላልጻፈች፣ ደንቡ በሚያዘው መሠረት ምስክር ባለበት ከፍቼ አነበብኩት። አድራሻ ካለው ብዬ ነው። ምን እንደሚል ልነግርዎ አልችልም፤ የሰው ደብዳቤ በሥራ ምክንያት ያነበበ ሰው ያነበበውን መርሳት አለበት ተብለን ነው የተቀጠርነው። መርሳት ግን አቃተኝ። ይህን ያህል ብቻ ልበል። የጻፈችው የወይዘሮ አዛለች ልጅ ዓለሚቱ ናት። እዚሁ አዲስ አበባ ናት፤ የት ሰፈር እንደሆነ አልጻፈችም። መልሱን በየቅዳሜው እኛው መስኮት ላይ እየመጣች እንደምትጠይቅ፣ እስከ ፋሲካ ካልመጣላት ግን እናቷ እንደ ጨከነችባት ቆጥራ ዳግም እንደማትጽፍ ነው ያለችው። ዓይናለም ታስታውሳታለች። ኅዳርና ታኅሣሥን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ «ለዓለሚቱ የመጣ አለ?» ስትል ከርማ ከገና ወዲህ ቀርታለች።

እናቲቱ ደብዳቤው መኖሩንም አታውቅም። ልጅቱ ግን ዝምታውን መልስ አድርጋ ወስዳዋለች። የማስወገጃ ኮሚቴውም በየካቲት መጨረሻ ይቀመጣል፤ እዚህ ቢቆይ ከሌሎቹ ጋር ይቃጠላል። ስለዚህ ደብዳቤውን አሽጌ በአደራ ልኬልዎታለሁ። እባክዎ አንድ ጊዜ ደግመው ይሞክሩ።

አክባሪዎ
ፍቅርተ ሰውነት

ስልክዎን ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። «ሃሎ፣ ሃሎ» ብለው ይዘጉብኛል።


ደብረ ታቦር፣ የካቲት 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርተ

እንደምን ከረምሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጆሮዬ ብቻ ስልክ ላይ ሲሆን ይለግማል። በወረቀት ከሆነ ግን ማንንም እሰማለሁ።

እብናት ሄድኩ። «ይሻላል» ብዬ የገበያ ዕለት ጠብቄ ነው የሄድኩት፤ ከእህልና ከከብት ገዢው ሁሉ አንዱ ቢያውቃት ብዬ። ወፍጮ ቤቱን አገኘሁ፤ በላይ በኩል ያለው ቤት ተቆልፏል፤ ደጁ ላይ ሣር በቅሏል። ከአጥሩ ማዶ ወይዘሮ ዘነበች የምትባል ሴት ጤፍ ታበጥራለች፤ አዛለች የት እንዳለች ጠየቅኳት።

«አዛለችን ምን ሊያደርጓት ነው?» አለችኝ፣ ሰፌዱን ሳታስቀምጥ።

«ደብዳቤ አላት።»

«ከማን?»

«ከልጇ ከዓለሚቱ።»

አማተበች። «ዓለሚቱማ ሞታለች! ወደ ዐረብ አገር ስትሻገር ባሕር በላት፤ ሦስት ዓመት ሆናት።»

እኔም ሰው ነኝና ለጊዜው ደነገጥኩ። ኋላ ግን ያንቺን ወረቀት አስታወስኩ። «እንግዲያው» አልኳት፣ «የሞተች ሴት ታኅሣሥን ሙሉ አዲስ አበባ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ምን ትሠራለች?» ፖስታውን አውጥቼ ማኅተሙን አሳየኋት። ማንበብ ትችላለች፤ በመሠረተ ትምህርት የተማረች ናት። «ኅ‑ዳር» አለች፣ «ሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ።» ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። ጤፉ ተበተነ፤ ዶሮዎቹ ፋሲካቸው ሆነ።

ከዚያ ልቅሶውም ሳቁም አንድ ላይ መጣባት። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመርዶው በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ «የልጅሽን ተዝካር አውጪላት፣ ነፍሷ ተራበች» እያለ እናቲቱን ይወተውታል፤ ከሁሉ የባሰችው ይህችው ዘነበች። አዛለች ግን «አብሯት ሆኖ ስትሞት ካላየ ሰው ወሬ ተቀብዬ ጠላ አልጠምቅም፤ ልጄ አልሞተችም» ብላ እምቢ አለች። በመጨረሻ ተቀይማ ቤቷን ቆልፋ እህቷ ዘንድ ጉና ሥር ወጣች። ስሟ አርባ ቀን ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ያነበበ አልጠፋም፤ ለተቀየመ ሰው ግን ማን መልእክት ያደርሳል? ዘነበችም አንብባው ነበር። «የዕርዳታ እህል ስም ዝርዝር መስሎኝ ነው» አለችኝ።

እናትየው እስክትሰማ ለማንም እንዳትናገር በማርያም አስምያታለሁ። እስከ ቀትር ችላለች አሉ።

ጉና በሌላው አቅጣጫ ነውና ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ፈቃድ እንዳገኘሁ እወጣለሁ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ደብዳቤው ክፉ ወሬ አለው? ለእናት የማደርሰውን ነገር ሳላውቅ ተራራ መውጣት ከብዶኛል።

ይርጋ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ይርጋ

ደብዳቤዎን ለዓይናለም ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ጤፉ ጋ ስደርስ ሁለታችንም ሳቃችንን መያዝ አቃተን።

ክፉ ወሬ የለውም። ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ። የነገሩኝን መልካም ወሬ ሁሉ ይዤ የኔን መደበቄ ደግ አይደለም፤ አውቃለሁ፣ ይቅርታ። ብቻ ሲደርሱ በአንድ ጊዜ አይንገሯት፤ መጀመሪያ ትቀመጥ።

እኔም በዚህ በኩል ዝም አላልኩም። መስኮቱ አጠገብ በትልልቁ ጽፌ ለጥፌያለሁ፦ «የእብናቷ ዓለሚቱ፤ ደብዳቤሽ ገና እናትሽ እጅ አልገባም። ደጅ የዘጋብሽ የለም። ፍቅርተን ጠይቂ።» አለቃዬ አይቶ «ይህ በየትኛው መመሪያ ነው?» አለኝ። «እስከ ፋሲካ ብቻ» አልኩት። አልፎኝ ሄደ፤ ሲመለስ ግን አንዱ ጥግ ተገንጥሎ ስለነበር በራሱ እጅ ሙጫ ቀባው።

ፍቅርተ


ደብረ ታቦር፣ የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርተ

እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰሽ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ፈቃዱ ዘገየ፤ ኋላም የተከራየኋት በቅሎ ከኔ የባሰች ጡረተኛ ሆና ተገኘች።

እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ በመኪና ሄጄ ከዚያ ወዲያ ሽቅብ ነው። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ወይዘሮ አዛለችን ከእህቷ ጋር ማሳ ላይ ድንች ሲተክሉ አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ዓይኗ የማይሸሽ ሴት ናት። እንዳልሽኝ «እስቲ እንቀመጥ» አልኳት።

«ቆሜ እሰማዎታለሁ» አለችኝ። «መርዶ ከሆነ ግን መልሰው ይውሰዱት። ያንን ስቀበል አልኖርኩም።»

«መርዶ አይደለም። ዓለሚቱ ጽፋልዎታለች።»

ያን ጊዜ ተቀመጠች፤ አፈሩ ላይ። ፖስታውን ተቀብላ ሳመችው፤ ገለበጠችው፤ መልሳ ለኔ ሰጠችኝ። «ፊደል አልቆጠርኩም። ያንብቡልኝ።»

ስለዚህ ልጄ፣ አንድ ወር ሙሉ የደበቅሽኝን ነገር እግዚአብሔር በመነጽሬ በኩል ገለጠልኝ። አነበብኩላት። ባሕር የበላው ሌሎቹን ኖሯል፤ እርሷን በሌላ ጀልባ አሻግረዋታል። ስልኳ ከነቁጥሩ ጠፍቶባት፣ በሰው አገር ታማ፣ ኋላም ተመልሳ አዲስ አበባ መግባቷን አነበብኩ። ልጅ መውለዷን፣ ያስወለዳት ሰው መጥፋቱን፣ «ባዶ እጄን፣ አባት የሌላት ልጅ አዝዬ በየት በኩል ልግባ?» ማለቷን አነበብኩ። መጨረሻውንም አነበብኩ፦ «ክርስትና አስነሥቻታለሁ። የዓለም ስሟን ግን አላወጣሁላትም። ካልተጸየፍሽን አንቺ አውጥተሽላት ላኪልኝ፤ ስም ከላክሽ መጥቼ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። ዝም ካልሽ ገብቶኛል።»

አዛለች ወደ ወረቀቱ ጠጋ አለች። «ይድገሙት» አለችኝ። ደገምኩት። «ይድገሙት።» ሦስተኛ አነበብኩት። እህቷ ታለቅሳለች፤ እርሷ ግን በጣቷ ትቆጥራለች።

«ሲጻፍ ስንት ወሯ ነው ይላል?»

«አራት።»

«ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት… ሰባት ሆናታል! ጥርስ አውጥታለች ማለት ነው! የልጄ ልጅ ጥርስ ስታወጣ እኔ እዚህ ድንች እቀብራለሁ!» ብላ ብድግ አለች። ወደዚያው ወደ አዲስ አበባ በእግሯ የምትነሣ መስሎኝ ነበር። «ታዲያ ዝም አልኩ ብላለቻ! ይጻፉ፤ አሁኑኑ ይጻፉ!»

ጻፍኩ። አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ አስፍቃኛለች። ስሙ ላይ ስንደርስ እህቷን እንኳ ራቅ አድርጋ በጆሮዬ ነገረችኝ። የሕፃኗ እናት ከማወቋ በፊት ለማንም እንዳልነግር አስምላኛለች። ስለዚህ ልጄ፣ መልሱን አሽጌ ልኬያለሁ፤ ስሙን ግን አልነግርሽም። አንቺ እኔን አንድ ወር አስጓጉተሽኛል፤ ተራሽ ነው።

ይርጋ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአቶ ይርጋ

ተቀጣሁ። ፖስታው መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ በየጠዋቱ ወደ ብርሃን እያነሣሁ አየዋለሁ፤ ወፍራም ወረቀት ነው የተጠቀሙት።

«መጣች ወይ?» ቢሉኝ ግን መልሴ ደስ አይልም። ማስታወቂያውን አይተው ሦስት ዓለሚቱዎች መጥተዋል። አንዷ የእብናት ሳትሆን የእንጅባራ ናት፤ «ቢሆንም ደብዳቤ ካለ ልውሰድ» አለችኝ። ሁለተኛዋ ሰባ ዓመት ይሆናታል፤ እናቷ በሕይወት ካለች እኔም ላያት እወዳለሁ። ሦስተኛዋ ከነባሏ መጥታ ማን እንደሚጽፍላት ባልየው ሲያፋጥጣት እኔ መካከል ገብቼ አስታረቅኳቸው። የኛዋ ግን የለችም። ኮሚቴው ተቀምጦ ነበር፤ የእርሷ ደብዳቤ ከዝርዝሩ እንደ ደረሰ ተቆጥሮ ወጥቷል። ግማሹ ነው የደረሰው፤ መልሱ ገና ነው።

ጾሙ እየገፋ ነው፤ ፈራሁ። በወረቀት ላይ ስስቅ አይመኑኝ። እባክዎ ወይዘሮ አዛለችን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ልጅቱ ስትከፋ ምን ታደርጋለች? ወዴት ትሄዳለች? እርሷን የሚያውቅ የእናት ልብ ብቻ ነው።

ፍቅርተ


ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 25 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርተ

ጤና ይስጥልኝ። ከጉና ድንች ሊሸጡ በሚወርዱ ሰዎች ልኬባት ነበር፤ እርሷ ግን መልሱን ይዛ ራሷ ወረደች። አሁን ፊት ለፊቴ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የምትለውን እንዳለ እጽፋለሁ።

«ዓለሚቱ ስትቀየም አትሸሽም። ልጅ ሳለች ስቆጣት ከቤት ትወጣለች እንጂ ከአጥሩ አትርቅም። ከዛፍ ሥር ቆማ በሩን ታያለች፤ እስክትጠራ ድረስ አትገባም። ያቺ የምትጽፍልዎ ልጅ ቁጭ ያለችበት መስኮት ፊት ለፊት ምን አለ? እስቲ ትይ።»

ይኸው ነው። «ቶሎ ያትሙት፤ ይሂድላት» እያለችኝ ስለሆነ አላረዝምም።

ይርጋ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአቶ ይርጋ

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።

ደብዳቤዎ ዐርብ ደረሰኝ። ቅዳሜ በመስኮቱ በኩል ማየቱን ትቼ ወጥቼ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ከማዶ አንድ ግራር አለ፤ ሥሩ ጋዜጣ ይሸጣል። ከጋዜጣ ሻጩ ጀርባ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ቆማለች። ፊቷ ወደኛ መስኮት ነው። ከዚያ ርቀት ማስታወቂያው እንደ ነጭ መሐረብ ነው የሚታየው፤ አንድ ፊደል አይነበብም። ለካ ከገና ወዲህ በየቅዳሜው እዚያ ስትቆም ኖራለች! «የለም» የሚለውን ቃል ከዓይናለም አፍ ዳግመኛ መስማት ፈርታ ነው፤ መቅረት ደግሞ አልሆነላትም።

«ዓለሚቱ?» አልኳት።

«አይደለሁም» አለችኝ፣ ወደ ኋላ እያለች።

«እናትሽ ጽፋልሻለች።»

ፖስታውን ሰጠኋት። «ተቆጥታለች?» አለችኝ። «አላውቅም፣ ታሽጓል» አልኳት፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ቀድዳ አነበበች።  መጀመሪያ ቅንድቧ ተሰበሰበ፤ ቀጥሎ በእጇ አፏን ያዘች፤ ከዚያ በዚያ ሁሉ መንገደኛ መካከል ከት ብላ ሳቀች። እንዳነብ ሰጠችኝ። የእናት ቃል በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ዓለሚቱ፤ ሰላምታው ይቆይሽ። ሰው ሁሉ ሞታለች ሲለኝ ከአገር ምድሩ የተጣላሁት ዝም ልልሽ ኖሯል? ደብዳቤሽ አልደረሰኝም ነበር። ባዶ እጄን ያልሽው ገረመኝ፤ ልጅ የታቀፈ እጅ ባዶ ነው ያለሽ ማን ነው? ስሟ አገኘሁሽ ነው። ይዘሻት ነይ።»

«አገኘሁሽ» ብላ በትከሻዋ በኩል ጠራቻት። ሕፃኗ ነቅታ እኔን አይታ አለቀሰች። ዓይናለም ይህን ሁሉ በመስኮት ስታይ ቆይታ ኖሮ ሰልፈኛውን ትታ ሮጣ መጣች። ሰልፈኛው ጮኸ፤ ምን እንደሆነ ሲሰማ ግን አንዲት ባልቴት እልል አሉ፤ ሌላውም ተከተለ።

ረቡዕ ሚያዝያ 16 ቀን ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ አሳፍራቸዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደብረ ታቦር ይገባሉ። እባክዎ ለእናቲቱ ያድርሱልኝ። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነበር፤ ቀለሙ የተበላሸው ለዚያ ነው፤ ይቅርታ።

ልጅዎ ፍቅርተ


ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርተ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ፤ ዓይናለምንም እንዲሁ በይልኝ። «ሁሉንም አንድ ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ እሞክራለሁ።

ፋሲካን ጉና ነው የዋልኩት፤ እምቢ ብል የሚሰማኝ አልነበረም። ዘነበች ከእብናት ድረስ መጥታለች፤ ከሰው ሁሉ ቀድማ ዶሮ ይዛ። ደጁ ላይ ቆማ መግባት አፈረች። አዛለች ከውስጥ ሆና «ዘነበች! ጠላ ጥመቂ፣ ጠላ ጥመቂ ስትዪኝ ከረምሽ፤ ይኸው ጠምቄያለሁ፣ ነይ ቅጂ!» ብትላት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁለቱ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ዘነበች ሕፃኗን ልትቀበል ስትል ግን አዛለች «ቆይ፣ ገና አልጠገብኳትም» ብላ ከለከለቻት። እስከ ዛሬም አልጠገበችምና ማንም አላቀፋትም፤ እኔ ግን በምስጢር ለጥቂት ደቂቃ ተፈቅዶልኛል። ከክረምት በፊት ወደ እብናት ተመልሰው ቤቱን ሊከፍቱ ነው። ዓለሚቱ ከዘነበች ጋር ልብስ ስፌት ልትጀምር ታስባለች፤ ዘነበች የሲንጀር ስፌት መኪና አላት።

የመናኸሪያውን ነገር ወደ ኋላ ያልኩት መጻፉ ስለከበደኝ ነው።

አዛለች ከጧት ጀምራ ቆማ ነበር። «አውቶቡሱ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይገባም» ብላት፣ ወንበር ባመጣላት፣ እምቢ አለች። ወደ ገባው መኪና ሁሉ ትሮጣለች፤ ከወረታ የመጣውን ሚኒባስ ሳይቀር ፈትሻለች። አውቶቡሱ ዘጠኝ ተኩል ላይ ገባ። ሰው ወረደ፣ ወረደ፣ አለቀ። ሾፌሩ ራሱ ወረደ። አዛለች ወደኔ ዞራ አየችኝ፤ ያን ፊቷን ዳግመኛ አያሳየኝ። ያን ጊዜ ከኋላ በር ላይ ዓለሚቱ ብቅ አለች። እንደ ፈራች ያስታውቃል። ደረጃውን ወርዳ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ እናቷ እግር ላይ ተደፋች።

አዛለች አላለቀሰችም፤ እልልም አላለችም። ጎንበስ ብላ የአንቀልባውን ማሰሪያ ፈታች። ሕፃኗን ከልጇ ጀርባ አንሥታ ወደ ራሷ ጀርባ አዞረች፤ አሰረች፤ እንዳትወድቅ ሁለት ጊዜ ነቀነቀች። ከዚያ የልጇን ክንድ ይዛ አነሣቻት።

«ነይ እንግዲህ፣ ዓለሚቱ» አለቻት። «ዳገት አለብን።»

ተያይዘው ሄዱ። እኔም ሻንጣውን ተሸክሜ ከኋላ ተከተልኳቸው።

ይርጋ ካሴ